ጉሬዛ እና የመንገዱ ባቡር

ወንዛዬ ፍል ውሃ የወረድኩት ጉልበቴን ብዬ ነው። ሐኪሙ እንክብል ሰጥቶኛል፤ እኔ ግን ግትር ነኝ፣ ሐኪም ካለኝ ይልቅ እናቴ ያለችኝን አምናለሁ። ያመጣኝ ሰው ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቀረ፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ገባሁ። ውሃው ከድንጋዩ ሥር ሲወጣ «ፍሽሽ» ይላል። እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝና የዛገ ብረት የሚመስል ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ አጠገቤ የነበረች ወጣት «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። እንባዬ መውረዱን አላወቅሁም ነበር።

«የለም ልጄ፣ ባቡር ትዝ ብሎኝ ነው» ብላት ሳቀች። ሳቋ አያስቀይምም። ፎገራ ላይ ሐዲድ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። እኔ ግን በስምንት ዓመቴ ባቡር ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ድምፅ ሰማሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም።

ቤታችን ከቁሐር ሚካኤል ደብር ወረድ ብሎ፣ ከመንገዱ ዳር ነበር። ያን ጊዜ ሜዳው ላይ ሩዝ የሚባል ነገር አይታወቅም፤ የክረምቱ ውሃ ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ ይዘራበት ነበር። በጋ ሲገባ ወንዶቹ ከብቱን ሁሉ ለሣር ወደ ጣና ዳር ይነዳሉ። አባቴም ሄደ። የቀረችልን አንዲት ላም ብቻ ናት፤ ጥቁርና ነጭ ስለሆነች ጉሬዛ እንላታለን። አዲስ ወልዳ ስለነበር መንገድ አትችልም ተብላ ቀረች።

እናቴም አዲስ ወልዳ ነበር። ወንድ ልጅ። በወለደች በሳምንቷ ትኩሳት ያዛትና ተነሣች ስንል ጡቷ ደረቀ። «ግድ የለም፣ ጉሬዛ አለች» ተባለ። በዚያው ሰሞን የጉሬዛ ጥጃ ሆዱ ተነፍቶ ሞተ። ላም ደግሞ ጥጃዋ ካልጠባት ወተቷን አትለቅም፤ ጡቷ እንደ ተወጠረ ይዛ ትቀራለች። እንደ ወጉ የጥጃውን ቆዳ ገፍፈን፣ ገለባ ሞልተን ከፊቷ አቆምንላት። አንዳንዷ ላም ይህን እየላሰች ትታለባለች። ጉሬዛ አንዴ አሸተተችውና በቀንዷ ገፍታ ጣለችው። እንደ እኔው ግትር ነበረች።

ወንድሜን የገብስ ውሃ በጥጥ እየነከርን እናስጠባው ጀመር። እናቴ «አለልኝ» እያለች ትጠራዋለች። እሷ ስትጠራው ስም አይመስልም ነበር፤ የምትለማመጥ ነው የምትመስለው።

በግቢያችን አንድ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር፤ የእናቴ አጎት አያ ፈንታ። የአገሩ ጡሩንባ ነፊ እሳቸው ናቸው። ሰው ሲሞት ማለዳ ጉብታው ላይ ወጥተው ያንን የአጋዘን ቀንድ ጡሩንባ ይነፋሉ፤ ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ጡሩንባው ለሌላ ነገር አይነፋም። ለሠርግ ዘፈን አለ፤ ለሌባ ኡኡታ አለ። ከመደባቸው በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይውላል፣ የሚነካውም የለም። እኔ በሥሩ ሳልፍ ትንፋሼን እይዝ ነበር። እስከዚያ ቀን የሞቱት ሰዎች ሁሉ እዚያ ውስጥ የተቀመጡ ይመስለኛል።

የካቲት ውስጥ አንድ ማለዳ፣ ከወደ ጉማራ በኩል ድምፅ መጣ። ከመሬት ሥር የሚነሣ ይመስል ዝቅ ብሎ ጀመረ፤ እየወፈረ ሄደና ሜዳውን ሞልቶ ድንገት ቁርጥ አለ። «ማን ሞተ?» ብሎ የጠየቀ እንኳ የለም። ጎረቤታችን አያ ጥጋቡ ከገና ጀምረው ተኝተዋል፤ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ እሳቸው ቤት ሮጠ። ከፊት እትዬ ዘነቡ ናት። ለቅሶ ቤት ቀድማ ካልደረሰች የሞተው የሚቀርባት የሚመስላት ሴት፤ ሙሾዋን ከመንገድ ጀመረችው፦ «ጥጋቡ ጥጋቡ፣ የአገሩ ዋልታ…»

በሩ ተከፈተና አያ ጥጋቡ ጋቢያቸውን ተከናንበው ብቅ አሉ።

«ምነው በደኅና? ማን ሞተ?»

እትዬ ዘነቡ ሙሾው አፏ ላይ ቀረ። «ኧረ… አንቱ ነዎት የተባለው» አለች።

«እኔ? ማነው ያለው? ቁርሴን እንኳ አልበላሁ!»

«ጡሩንባ ተነፍቶ የለ እንዴ!» አለ አንዱ። በዚህ መካከል አያ ፈንታ ባዶ እግራቸውን፣ ጡሩንባቸውን ወደ ላይ አንሥተው እያሳዩ መጡ። «እኔ አልነፋሁም! ይቺውና ጡሩንባዬ! ያለ እኔ ሞት የሚናገር ማነው?» ቁጣቸው ቀልድ አልነበረም። ቃላቸውን ሳይጨርሱ ያ ድምፅ ደገመ። ሁላችንም ፊታችንን ወደ መንገዱ አዞርን።

አቧራና ጭስ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ይመጣ ነበር። መንገዱን የሚያድሱት ሰዎች ጠጠር የሚያስረግጡባት መኪና ናት። ጣሊያን ጥሏት የሄደ ናት ይባላል። ኋላ እንዲህ ያለውን ከተሜው ዳምጠው አለው፤ እኛ ግን የሚጮህ ብረት ሁሉ ባቡር ነው፣ ባቡር አልነው። ከፊቷ አንድ ሰፊ የብረት መንኰራኵር፣ ከኋላዋ ሁለት፣ ከላይ ጭስ የሚተፋ ረጅም ጉሮሮ። በእንጨት እሳት የፈላ ውሃ ነው የሚያስኬዳት።

ስለ መልኳ ይኸው ነው። ድምፅዋን ግን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ስትሄድ «ችፍ… ችፍ… ችፍ…» ትላለች፤ በየመሐሉ እረፍት አለው፣ እንደ ሰው። ጠጠሩ ከሥሯ ቆሎ ሲታኘክ እንደሚንኮሻኮሸው ይንኮሻኮሻል። ስትቆም ከጎኗ ነጭ እንፋሎት ለቅቃ «ፍሽሽ» ትልና አገሩ ሁሉ አብሯት የተነፈሰ ይመስላል። ድምፁ በጆሮ ብቻ አይደለም የሚገባው፤ በእግሬ መዳፍ ገብቶ፣ በጉልበቴ ወጥቶ ደረቴ ላይ ይቆማል። ፈራሁ ብል አይበቃም። ቤተ ክርስቲያን መጋረጃው ሲገለጥ ደንግጬ ራሴን ዝቅ አደርግ የለም? እንደዚያ ሆንኩ። መሸሽም መጠጋትም እኩል አማረኝ። አያ ፈንታ ከአጠገቤ ቆመው ሲያማትቡ ሰማሁ። «ይህንን ያህል ትንፋሽ ከየት አገኘች?» አሉ ቀስ ብለው። ቁጣቸው የት እንደ ገባ እንጃ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉሬዛን ማገድ ሥራዬ ነውና፣ ሣሩ ቢኖርም ባይኖርም የማግዳት መንገዱ ዳር ሆነ። ነጂው ጋሽ ግርማ የሚባሉ የድሬዳዋ ሰው ነበሩ፤ ልብሳቸው ዘይት፣ ጥርሳቸው ነጭ። ልጅ አያባርሩም። በአራተኛው ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ውሃውን ከወንዛዬ ነው የሚቀዱላት?»

«ወንዛዬ ምንድን ነው?»

የፈላ ውሃ ከመሬት የሚወጣበት ጠበል እንደሆነ ነገርኳቸው። እኔ የማውቀው በራሱ የሚጨስ ውሃ እሱ ብቻ ነው፤ ያ ብረትም ያለ ጠበል እንዲህ ያለ ኃይል ሊያድርበት አይችልም። ጋሽ ግርማ አልሳቁብኝም። «ይቺ ወንዛዬዋን ሆዷ ውስጥ ይዛ ነው የምትዞረው» አሉኝ። አመንኳቸው።

«የምትጮኸውስ? ጥጃዋ ሞቶባት ነው?»

አሁን ሳቁ። «እሷ ራሷ ጥጃ ናት እኮ! እናቶቿ ድሬዳዋ ናቸው። እነሱ ሲጮኹ ብትሰሚ ይቺን እምቦሳ ትያት ነበር።» እሳቸው ቀልደው ረሱት። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። እንግዲያው ጧትና ማታ የምትጮኸው እናቷን እየጠራች ነው። እናቷ ደግሞ አትሰማትም።

የማትሰማት መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ጋሽ ግርማ እንደ ልማዳቸው ሥራ ማብቃቱን ለመናገር ገመዷን ሳቡ። ጉሬዛ አጠገቤ ቆማ ነበር። ድምፁ ሲነሣ ራሷን ቀና አደረገች፤ ጆሮዎቿ ወደ ፊት ቆሙ። ከዚያ ጥጃዋ ከሞተ ወዲህ ያላሰማችውን ያንን ወፍራም «እምቧ» አለች። ዝቅ ብዬ ሳይ ከጡቷ ነጭ ጠብታ አቧራው ላይ ይወርዳል።

«እማዬ!» ብዬ ጮኽኩ። «እማዬ፣ ጉሬዛ እየፈሰሰች ነው!»

እናቴ ግድግዳ እየተደገፈች ወጣች። ጎንበስ ብላ ጡቷን ስትይዘው ጉሬዛ አልተራገጠችም። «ጩር… ጩር… ጩር…» ከማለቢያው ሥር የሚሰማው ይህ ድምፅ፣ ከርቀት የሚሰማው የዚያች ብረት መቀዝቀዝ፣ የእናቴ ልቅሶ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ገቡ፣ እስከ ዛሬም አልተለያዩልኝም።

እንዲህ ሆነና ወተት በባቡር ሆነ። ጧት ስትጮህ እናልባለን፣ ማታ ስትጮህ እናልባለን። ዐቢይ ጾም ስለሆነ ከቤቱ ማንም ወተት አይቀምስም፤ ሁሉም የአለልኝ ነው። ጉንጩ ሞላ። ድምፁ ወፈረ። እትዬ ዘነቡ እንኳ እየመጣች «የዲያብሎስ ድምፅ ነው» ትላለች፣ ሲታለብ ግን ቆማ ታያለች።

አንድ ነገር አላሰብኩም ነበር። መንገድ ወደ ፊት ነው የሚሠራው። ባቡሯ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ወደ ወረታ ትርቃለች። ሌላው ሰው መንገዱ በረዘመ ቁጥር ደስ ይለዋል፤ እኔ የራቀችውን እርምጃ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ድምፁ ደረቴ ላይ መቆሙን ተወ። ከዚያ በእግሬ መዳፍ መግባቱን ተወ። ቀጥሎ ነፋስ ካልነፈሰ አይሰማም። ጉሬዛ ጆሮዋን ታቆማለች፣ ትጠብቃለች፤ ወተቷ በየቀኑ አነሰ። ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት አንድ ማታ ራሷንም ቀና አላደረገች።

በማግስቱ ለማንም ሳልናገር በአዲሱ ጠጠር ላይ ወረታ ድረስ ሄድኩ። ባቡሯ የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት አለፍ ብላ ቆማለች። እሳቷ ወርዶ ብረቷ «ጠቅ… ጠቅ…» እያለ ይቀዘቅዛል።

«ጋሼ፣ መልሷት» አልኩ። «ወንድሜ ሊሞት ነው።»

ነገሩን ሁሉ አስጨርሰው ሰሙኝ። «ልጄ፣ እኔ ነጂ ነኝ እንጂ አዛዥ አይደለሁም» አሉ። «ዝናብ ሳይጥል ርብ መድረስ አለብን።» ማልቀስ ስጀምር ብድግ አድርገው ላይዋ ላይ አወጡኝ። ገመዱን እጄ ላይ አኖሩት። «ሳቢ።»

ሳብኩ። የዓለም ድምፅ ሁሉ ከእጄ ወጣ። አጥንቴ ሁሉ ዘመረ፤ ገመዱን ስለቅ ለቅሶዬንም ረስቼው ነበር።

«አየሽ፣ ብረት አይደለም የሚጮኸው» አሉ ጋሽ ግርማ። «ትንፋሽ ነው። ውሃው ትንፋሽ ሆኖ በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ ነው። አገራችሁ ውስጥ ትንፋሽ ያለው ሰው ጠፋ?»

ወደ ቤት እስክደርስ ሮጥኩ።

አያ ፈንታ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። «አያ፣ ጡሩንባውን ለጉሬዛ ይንፉላት» አልኳቸው። እንደዚያ ቀን አዝነው አይቻቸው አላውቅም።

«የሺ፣ ይቺ ያለ ሬሳ ተነፍታ አታውቅም። ያለ ሬሳ የተነፋ ጡሩንባ ሬሳ ይጠራል። አባቴ ሲያወርሰኝ ያስማለኝ ይህን ነው።»

«አለልኝ ይሞታል እኮ!»

«ብነፋና ቢሞትስ? ማን ገደለው ሊባል ነው?» አሉ። «ሂጂ፣ ልጄ። ሂጂልኝ።»

ሦስት ቀን የገብስ ውሃ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን አለልኝ አለቀሰ፤ በሁለተኛው ተነጫነጨ፤ በሦስተኛው ዝም አለ። አያ ፈንታ ደጃፋቸው ላይ ሆነው እንደሚያዳምጡ አውቃለሁ። የሕፃን ለቅሶ ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስንቱን ማለዳ ተናግረዋል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተነሡ። ገብተው ጡሩንባውን ከግድግዳው አወረዱና በጓሮው አቋርጠው መጡ። እናቴ ሕፃኑን አቅፋ በሩ ላይ ነበረች። ጡሩንባውን እጃቸው ላይ ስታይ የጮኸችውን ጩኸት አልረሳውም።

«አያ፣ ገና ነው! እዩት፣ ይተነፍሳል! አልሞተም፣ ገና ነው!»

አያ ፈንታ አላዩአትም። በአጠገቧ አልፈው ጉሬዛ ፊት ቆሙ።

«ማለቢያሽን ያዢ» አሏት።

አማተቡና ነፉ። የወጣው ግን እጃቸው የለመደው ነው፤ ረጅም፣ እየወረደ የሚያልቅ፣ የሞት። ጉሬዛ ዘወር ብላም አላየች። እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። አያ ፈንታ ወደ እኔ ዞሩ። ሽማግሌው፣ የአገሩ ጡሩንባ ነፊ፣ እኔን ጠየቁ።

«እንዴት ነበር የምትለው?»

«ከታች ይጀምራል፣ አያ። ከሆድ። ከዚያ እየወፈረ ይሄዳል። ሲያልቅ ደግሞ አይወርድም፤ ቁርጥ ይላል።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለተኛው ተሰበረ። ሦስተኛው ከመሬት ሥር ተነሣ። ወፈረ፣ ሰፋ፣ የእግሬን መዳፍ አገኘው፤ የጾመ ሽማግሌ ሆድ ውስጥ ያ ሁሉ ትንፋሽ ነበረ። ድንገት ቁርጥ ሲል ጉሬዛ ራሷን ቀና አደረገች።

«እምቧ።»

እናቴ በጉልበቷ እየዳኸች ሥሯ ገባች። «ጩር… ጩር…» አለ። እኔ አለልኝን ተቀብዬ ያዝኩት፤ ቀላል ነበር። በዚያው ቅጽበት አገሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ግቢያችን ገባ። እትዬ ዘነቡ ከፊት። «ወይኔ! ወይኔ የእኔ ሕፃን!» እያለች ደረቷን ልትመታ እጇን አነሣች።

አያ ፈንታ ጡሩንባውን ከአፋቸው አወረዱ። ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ይደማ ነበር።

«ዝም በሉ!» አሉ። «ላም እየታለበች ነው።»

ሰው ሁሉ ባለበት ደረቀ። ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ፣ እስኪያልቅ ድረስ የወተቱን ድምፅ ቆሞ ሰማ። አለልኝ ጣቱን የሚያክል ጥጥ ሲጠባ ሁሉም አየ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ከጣና ዳር ሌላ የምትታለብ ላም ይዞልን እስኪመጣ፣ አያ ፈንታ ጧትና ማታ ነፉ። ሰዉም ለመደ። ጡሩንባው ሲሰማ «የልጁ ወተት ደረሰ» ይባል ነበር። ችግሩ፣ በዚያ መካከል አያ ጥጋቡ እውነትም ሞቱ። አያ ፈንታ ጉብታው ላይ ወጥተው ቢነፉ ማንም አልወጣም። በየቤቱ እየዞርኩ በቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ እትዬ ዘነቡም ለመጀመሪያ ጊዜ ለቅሶ ላይ ዘግይታ ደረሰች።

የፋሲካ ዕለት ጧት፣ እናቴ ከጉሬዛ ወተት የናጠችውን የመጀመሪያ ቅቤ በኮባ ቅጠል ላይ አድርጋ ወደ አያ ፈንታ ቤት ሄደች። እኔም ተከተልኳት። ማንም ሳይቀምሰው፣ በጣቷ ቆንጥራ የተሰነጠቀ ከንፈራቸውን ቀባችላቸው። የአገሩን ሞት ሁሉ የተናገረ ከንፈር ነው። እንደ ሕፃን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው እስክትጨርስ ተቀመጡ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ትንፋሻቸው ብቻ ነበር። ከባቡሯም ይበልጥ የደነቀኝ እሱ ነው።

ወንዛዬ አሁንም «ፍሽሽ» ይላል። ወጣቷ እጄን ይዛ ልታወጣኝ ስትል፣ ያመጣኝ ሰው ከውጭ በዚያ በወፍራም ድምፁ ተጣራ። ጠጕሩ ከእኔ ይልቅ ነጥቷል፤ መጠበቅ ግን ዛሬም አይችልም።

«የሺ! ውስጥ ሞትሽ እንዴ?»

«ጡሩንባ ሰማህ፣ አለልኝ?» አልኩት።